ጮማው ይጠብቀዋል የተባለው ድስት

በቦስ ኮረብቶች ላይ የሜፕል ዛፍ ውሃ አፍልተው ማር የመሰለ ሽሮፕ ከሚያወጡ ገበሬዎች ሁሉ፣ ድስቱ ገንፍሎበት የማያውቀው ማጄላ ቬዬ ብቻ ነበር። ሃያ ስምንት ጸደይ አፍልቷል፤ አንድም ቀን አልገነፈለበትም። ይህን ራሱ ሲናገር የሰማው ሰው ግን የለም። ማጄላ ቃል የሚሰስት ሰው ነው። ሲያገባ እንኳ ቄሱ "ትቀበላታለህን?" ብለው ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነበረባቸው ይባላል።

ዝናውን የሚያዞሩለት ሌሎች ነበሩ፤ ከሁሉም በላይ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ኦቪላ። የኦቪላ ድስት በየዓመቱ ሦስት አራት ጊዜ ይገነፍላል፤ ስለዚህ ስለማይገነፍል ድስት ማውራት ደስ ይለው ነበር።

ነገሩ ቀላል አይደለም። አርባ ባልዲ የዛፍ ውሃ ፈልቶ ፈልቶ አንድ ባልዲ ሽሮፕ ይወጣዋል። ድስቱ የአልጋ ያህል ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ያለው ውሃ ከጣት ርዝመት አይበልጥም፤ ከሥሩ ማገዶ ይንቦገቦጋል። ማገዶ በተጨመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አረፋው ይነሳል። በጊዜ ካልወረደ ጠርዙን ዘልሎ ምድጃው ላይ ይፈሳል፤ ድስቱ ይጎድላል፤ የጎደለው ያርራል። ያረረ እንደሆነ የሳምንት ድካም ከነድስቱ ይሄዳል።

ማጄላ መድኃኒቱን የወረሰው ከአባቱ ነው። ሽሮፑ ከሚፈላበት ከስኳር ጎጆው ጣሪያ አግዳሚ ላይ፣ በጨው የታሸ የአሳማ ጮማ በሲባጎ ታስሮ ድስቱ መሐል ላይ ይንጠለጠላል። አረፋው ሲነሳ ጮማውን ይነካል፤ አረፋ ደግሞ ስብ ሲነካው ይሞታል። አባቱ ቴዎዱል በሕይወቱ ለልጁ ያስረዳው ነገር ይህ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። መጥረቢያ እንዴት እንደሚሳል እንኳ አላሳየውም፤ አይቶ ይድረስበት ብሎ። ስለ ጮማው ግን ትከሻውን ይዞ ድስቱ ፊት አቁሞት ነበር።

"ከጠርዙ ሦስት ጣት ዝቅ። ከዚያ አትውረድ፣ ከዚያ አትውጣ። አንተ ማገዶህን አምጣ፤ ጮማው ይጠብቅልሃል" አለው።

ማጄላ በየዓመቱ መጋቢት ሲገባ አዲስ ጮማ ይሰቅላል፤ ሦስት ጣቱን አጋድሞ ይለካል፤ ከዚያ ሥራውን ይሠራል። ምድጃውን አጉርሶ ለማገዶ ይወጣል፤ ሚስቱ ዶናልዳ ጭልፋዋን ይዛ ከድስቱ አጠገብ ዱካ ላይ ትቀመጣለች። እንጨቱን ታቅፎ ሲመለስ አረፋው ወርዷል፤ ድስቱ ጸጥ ብሎ ይፈላል። ማጄላ ጮማውን ቀና ብሎ ያየውና ራሱን ይነቀንቅለታል። ኦቪላ "ለእኔ እንኳ እንደዚያ ሰላምታ ሰጥቶኝ አያውቅም" ይል ነበር።

በዚያ ዓመት ከሞንትሪያል ደብዳቤ መጣ። አንድ የከረሜላ ፋብሪካ የማጄላን ሽሮፕ ቀምሶ ወዶታል፤ የዓመቱን ምርት በሙሉ ይፈልጋል። ባለቤቶቹ አይሁዶች ስለሆኑ ግን አስቀድሞ ረቢያቸው መጥተው አሠራሩ ከሕጋቸው ጋር መስማማቱን ማየት አለባቸው። ደብዳቤውን ያነበበችለት ዶናልዳ ነበረች።

"ምን ሊያዩ?" አላት።

"ድስቱን።"

"ይዩት" አለ ማጄላ፣ ሾርባውን መብላቱንም ቀጠለ።

ረቢ ፔርሎቭ በመጋቢት አጋማሽ፣ በረዶው መቅለጥ በጀመረበት ሰሞን መጡ። ኦቪላ ከአውቶቡሱ ተቀብሎ በጭነት መኪናው አመጣቸው። ረጅም ጥቁር ካፖርት የለበሱ፣ ጫማቸው ላይ ጎማ የደረቡ አጭር ሰው ነበሩ። ጎጆው ውስጥ ሲገቡ መነጽራቸውን እንፋሎት ሸፈነው። አውልቀው ጠረጉትና መልሰው አጠለቁት። መጀመሪያ ያዩት ጮማውን ነበር።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ጮማ" አለ ማጄላ።

"የምን?"

"የአሳማ።"

ረቢው መነጽራቸውን እንደገና አውልቀው ጠረጉት። ጮማው አሁንም እዚያው ነበር።

"ምን ያደርጋል?"

"ይጠብቃል።"

"ከምን?"

"ከመገንፈል።"

"አቶ ቬዬ" አሉ ረቢው፣ "ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ ስዞር ኖሬአለሁ። አሳማ በጓሮ በር ሲያስወጡ ደርሼባቸዋለሁ። በርሜል ሥር ደብቀው አግኝቻለሁ። ፊት ለፊት ሰቅሎ የጠበቀኝ ሰው ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።"

"የሚደበቅ ነገር አይደለም።"

"ልክ ነዎት። ለዚያ አመሰግናለሁ።" ከኪሳቸው ማስታወሻ ደብተር አወጡ፤ እርሳሳቸውን በምላሳቸው አራሱ። "ከዛፉ ውሃና ከዚህ ከ... ከጠባቂው በቀር፣ ድስቱ ውስጥ የሚገባ ሌላ ነገር አለ?"

"የለም" አለ ማጄላ።

"አለ" አለች ዶናልዳ።

ማጄላ ሚስቱን ዞሮ አያት። ዶናልዳ ለቄስ ዋሽታ አታውቅም፤ ረቢውም በእሷ ሚዛን የሌላ ደብር ቄስ ናቸው። እጇን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከታ አንዲት ትንሽ ክዳን ያላት ጣሳ አወጣች።

"ስልባቦት ነው" አለች። "የወተት ስልባቦት። አንድ ጠብታ ነው የማደርገው፤ አረፋው ሲነሳ።"

"በየስንት ጊዜው?"

"እሱ ለማገዶ በወጣ ቁጥር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከተጋባን ጀምሮ።"

ረቢው ጻፉ። የእርሳሱ ድምፅ ይሰማ ነበር። በሩ አጠገብ ቆሞ የነበረው ኦቪላ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ ኋላ ሲጠየቅ አላወቀም።

"ወተትም አለ ማለት ነው" አሉ ረቢው። "እኛ ወተትን ከሥጋ ጋር አንበላም። ይህ ከረሜላ ደግሞ ልጆች ሥጋ ካለበት ምሳ በኋላ የሚበሉት ነው። አሳማውም ወተቱም ካልቀሩ እኔ መፈረም አልችልም። ሽሮፑ መልካም ነው፤ ሰዎቹም መልካም ናችሁ። ውሳኔው የእናንተ ነው።"

ማጄላ ወጣና መጥረቢያውን አነሳ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ፈለጠ፤ የሚቀጥለው ዓመት ማገዶ በዚያ ቀን ተፈልጦ አለቀ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወሬው ደብሩን ሞላው። ወንዶቹ ተገረሙ። ሴቶቹ አንዳቸውም አልተገረሙም፤ ሁሉም ከድሮ ጀምሮ ያውቁ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ሰኞ ማለዳ ማጄላ ጫማውን እያሰረ "ዛሬ ቤት ሁኚ" አላት።

"የሚታጠብ ልብስ አለኝ" አለች ዶናልዳ።

ብቻውን ሄደ። ጮማውን አውርዶ በአዲስ ተካው፤ ሦስት ጣቱን አጋድሞ ለካ፤ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ። ድስቱን ሞላ፣ እሳቱን አቀጣጠለ፣ ምድጃውን አጎረሰ። ከዚያ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፦ ለማገዶ አልወጣም። እጁን አጣምሮ ቆሞ ተመለከተ።

አረፋው ተነሳ። ከጥግ ጀምሮ እያበጠ፣ እየወፈረ መጣና ጮማውን ነካ። በነካው ቦታም በእርግጥ ሞተ፤ ጮማው ዙሪያ የሳህን ያህል ክፍተት ተፈጠረ። አባቱ አልዋሸም። ከሳህኑ ውጭ ያለው አረፋ ግን ጮማ መኖሩን የሰማ አይመስልም ነበር። ጮማው ገበያ መሐል እንደሚሰብክ ሰው ብቻውን ቆሞ፣ ሌላው በዙሪያው የራሱን ጉዳይ ይዞ ወደ ጠርዙ ሄደ።

በግራ በኩል ገነፈለ። ማጄላ በጭልፋ ሲገፋው በቀኝ ገነፈለ። ምድጃው ላይ የፈሰሰው ጥቁር ጭስ ሆኖ ተነሳ። ቀዝቃዛ ውሃ ሊጨምርበት ባልዲ ሲያነሳ የእጁ አንጓ ላይ ትኩስ አረፋ ፈሰሰበት፤ ባልዲውን ግን አልጣለም፤ ደፋበት። ድስቱ ተረፈ፤ አንደኛው ማዕዘን ግን አሮ ብየዳው ተከፈተ። ሽታው ኮረብታውን ወርዶ የኦቪላ ቤት ድረስ ደረሰ።

ቤት ሲገባ ዶናልዳ አንሶላ ትጨምቅ ነበር።

"ገነፈለ" አላት።

"ሽታው ቀድሞህ መጥቷል" አለችው። እጁን አየችና ደጅ ወጥታ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ አመጣች። ወንበር ላይ አስቀምጣ አንጓውን ያዘችለት።

"በአባቴ ጊዜ ግን ይሠራ ነበር" አለ ማጄላ።

ዶናልዳ በረዶውን አገላበጠች። "ሙት ወቃሽ አልሁን።"

"ምንድን ነው?"

"ይህችን ጣሳ ከነስልባቦቷ የሰጠችኝ እናትህ ናት። በገባሁ በመጀመሪያው ጸደይ፣ ጎጆው በር ላይ። 'ለሻይሽ ትሆንሻለች' አለችኝ። እኔ ሻይ አልጠጣም፤ እሷም ታውቃለች። ቁጭ ብዬ ሳስበው አባትህ አግዳሚ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል፣ አንተ ማገዶ ላይ ነህ፣ አረፋው ተነሳ። ጮማውን አየሁት። ጣሳዋን አየኋት። ጠብ አደረግሁ፤ ወረደ። አባትህ ነቃና 'አየሽ ልጄ፣ እንዴት እንደሚጠብቅ?' አለኝ። ምን ልበለው?"

"አባቴ አያውቅም ነበር?"

"አይመስለኝም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መጀመሪያ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ኋላ ደግሞ ደስ ብሎህ አየሁ።"

ማጄላ ይህን አሰበበት። ከጨርቁ የቀለጠው በረዶ ጉልበቱ ላይ ይንጠባጠባል።

"በጣም ደስ ብሎኝ ነበር" አለ።

ማክሰኞ ወደ ደብሩ ቄስ ወደ አባ ቲቦዶ ሄደ። ለሌላ ሃይማኖት ሰው ተብሎ የአባትን ጮማ ማውረድ ኃጢአት እንደሆነ ሊጠይቅ ነው። አባ ቲቦዶ እስኪጨርስ ሰሙት።

"ማጄላ፣ አሁን ዐቢይ ጾም ነው" አሉት። "ጮማ ፊትህ ሰቅለህ እንደምትውል ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ እኔም አውርድ እልህ ነበር።"

ዶናልዳ ለረቢው ጻፈች፤ መልስ በሳምንቱ መጣ። ድስቱ ተፈትጎ ይጠገን፤ አንድ ሙሉ ቀን ሥራ ሳይሠራበት ይረፍ፤ ከዚያ እስከ አፉ ንጹህ ውሃ ተሞልቶ፣ እሳቸው ባሉበት ይፍላና ይገንፍል ይላል። ብረቱ የጠጣው ስብ የሚለቀው በዚያ መንገድ ብቻ ነው።

"ይገንፍል ነው የሚሉት?" አለ ማጄላ።

"በአራቱም ጎን።"

"ሆን ተብሎ።"

"ሆን ተብሎ" አለች ዶናልዳ፣ ደብዳቤውንም አጠፈችው።

በቀጠሮው ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ነቅሎ መጣ። የማጄላ ቬዬ ድስት በሰው ፊት ሊገነፍል ነው ተብሎ ከወንዙ ማዶ ሳይቀር የመጡ ነበሩ። ኦቪላ ከቤቱ አግዳሚ ወንበር አምጥቶ ተቀመጠ፤ ሰውም አጠገቡ ተደረደረ።

ረቢው ካፖርታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። ማጄላ ምድጃውን አጎረሰ። ንጹህ ውሃ እንደ ዛፍ ውሃ አረፋ የለውም፤ ይፈላል እንጂ አይነሳም። ሩብ ሰዓት ጠበቁ። ሕዝቡ መሰልቸት ጀመረ።

"አማቼ፣ አለመገንፈሉን ለመደው እኮ፤ በምን ታስረሳዋለህ?" አለ ኦቪላ ከወንበሩ።

"የጋለ ብረት ይጣልበት" አሉ ረቢው።

ማጄላ ከእሳቱ ውስጥ የቀላ የማረሻ ብረት በጉጠት አወጣና ድስቱ መሐል፣ ጮማው ይንጠለጠልበት ከነበረው ቦታ ሥር አስገባው። ውሃው ጮኸ፣ ተነሳ፣ በአራቱም ጎን ጠርዙን ዘልሎ ወረደ። ጎጆው በእንፋሎት ተሞላ፤ ለጥቂት ጊዜ ማንም ማንንም አላየም። እንፋሎቱ ሲጠራ ማጄላ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር።

አፍራለሁ ብሎ ነበር የጠበቀው። አላፈረም። ሸክም አውርዶ ትከሻው ቀለል ያለው ሰው ዓይነት ስሜት ነበር የተሰማው፤ ግን ተሸክሞ እንደነበር እስከዚያች ሰዓት አያውቅም።

"ገነፈለ" አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ ላልተረዳ ካለ ብሎ።

ኦቪላ ተነስቶ እጁን ዘረጋለት። "አማቼ፣ እንኳን ወደኛ በደህና መጣህ።"

"የኔ ሲገነፍል ረቢ ይመጣል" አለ ማጄላ። "ያንተ ሲገነፍል የሚመጣው ውሻ ብቻ ነው።"

ይህ በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ በሰው ፊት የተናገረው ረጅሙ ንግግር ነበር። ሰዉ ለመሳቅ ትንሽ ዘገየ፤ ንግግሩ አልቆ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረም።

ረቢው ድስቱን ዞረው አዩ፤ በጣታቸውም ጠርዙን ዳሰሱ። ከቦርሳቸው የታሸገ የምግብ ዘይት ጠርሙስ አወጡ። "ከእንግዲህ ይህ ብቻ ነው። የምጽፈው ስም እፈልጋለሁ። ዘይቱን የሚያደርገው ማን ነው?"

"እሷ ናት" አለ ማጄላ።

የዛፉ ውሃ ተሞላ፤ እሳቱ ተቀጣጠለ። ማጄላ ምድጃውን አጉርሶ በልማድ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ከዚያ ተመለሰና ከዶናልዳ ዱካ አጠገብ ቆመ። አረፋው ተነሳ። ዶናልዳ የማንኪያውን ጫፍ ዘይት ነክራ ያዘች። አልቸኮለችም። አረፋው ጠርዙ ጋ ሊደርስ ሲል ጠብ አደረገችው። ያ ሁሉ ነጭ ክምር እንደ ተቀደደ ከረጢት ሟሸሸና ወረደ።

ማጄላ ይህን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

"አንድ ብቻ?"

"አንድ። ሁለት ከሆነ መፍላቱንም ይተዋል።"

"ጊዜውን በምን ታውቂያለሽ?"

"ድምፁ ሲወፍር።"

ማጄላ ጆሮውን ወደ ድስቱ አዘነበለ። ድምፅ እንዳለው አያውቅም ነበር። ረቢው ፈረሙ።

ጮማውን ዶናልዳ ለፋሲካ ከባቄላ ጋር ቀቀለችው። እንደ ጫማ ሶል ጠንክሮ፣ ጭስ ጭስ እያለ ይጣፍጥ ነበር፤ የሚያስወድድ ጣዕም አይደለም። ማጄላ እስከ መጨረሻው በላው።

ረቢ ፔርሎቭ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ጸደይ መጡ። የራሳቸውን ሳህንና ቢላ ይዘው ይመጣሉ፤ ከእነሱ ቤት የሚቀምሱት ፖም ብቻ ነበር። ተወልደው ባደጉበት መንደር እናታቸው የፕለም ማርማላታ ስታፈላ አረፋውን በማንኪያ እየገፈፈች ለልጆች ታድል እንደነበር አንድ ቀን ለማጄላ ነገሩት። መንደሩ አሁን የለም አሉ፤ ማጄላ ለምን ብሎ አልጠየቀም። በሚቀጥለው ዓመት ሲመጡ ግን ከድስቱ የተገፈፈ አረፋ በንጹህ ብርጭቆ አስቀምጦ ጠበቃቸው። ብርጭቆው አዲስ ነው፣ ከከተማ የተገዛ፣ የተለጠፈበት የዋጋ ወረቀት እንኳ አልተላጠም። ረቢው ወረቀቱን አዩት፤ አረፋውንም በጣታቸው ጫፍ ቀመሱ።

ዶናልዳ ሞራ ዓይኗን ሲሸፍነውም ከዱካዋ አልተነሳችም፤ በጆሮዋ ትሠራ ነበር። በስልሳ ስምንት ዓመቷ፣ በጥር ወር፣ በሳንባ ምች ሞተች። በመጋቢት ማጄላ ብቻውን አፈላ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ገነፈለበት። ሁለቱንም ጊዜ ወደ ኦቪላ ቤት በእግሩ ወርዶ ራሱ ተናገረ። ኦቪላ ለወትሮው ይህን ዓይነት ዕድል የሚያሳልፍ ሰው አልነበረም። "ግባ፣ ሾርባ አለ" አለው። በሦስተኛው ሳምንት አልገነፈለም።

ስድስት ዓመት እንዲያ ብቻውን ሠራ። ከዚያ ጎጆውን ለኦቪላ ልጅ ለሉሲል ሰጣት። ሉሲል በናፍጣ የሚነድ፣ ዘይቱን ራሱ የሚያንጠባጥብ መሣሪያ አስገባች። ማጄላ ሊያየው ሄዶ ዙሪያውን ዞረ።

"እንዴት ነው ጋሼ?" አለችው።

"ንጹህ ነው" አለ።

በሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ በሐምሌ፣ ድርቆሽ በሚሰበሰብበት ሳምንት ሞተ። ሰማዩ ስለጠቆረ ቀብሩ አጠር ተደርጎ ተፈጸመ፤ ሰዉም ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ ማሳው ሄደ። ዝናቡ ሳይመጣ ድርቆሹ ሁሉ ገባ።